«ቤት» ብላችሁ ስትጠይቁት፦ ሬጄክስ ወደ ሒሳብ መዝገብ የገባበት ታሪክ

ሌጀር የሚባል የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም አለ። መስኮት የለውም፣ የሚጫን ቁልፍ የለውም፣ የሚያምር ግራፍም የለውም። በጥቁሩ ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ፣ መልሱን በጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ አለቀ። እኔ በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ክፍያዬ ከተለያየ ቦታ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ገቢና ወጪዬን የምይዘው በዚህ ዓይነት ፕሮግራም ነው፣ ያውም በአማርኛ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፕሮግራሙ ጠቅላላ ጥቅም አይደለም። ስለ አንድ ጠባዩ ነው፤ የምትጠይቁትን ቃል እንደ ቃል ሳይሆን እንደ ንድፍ ያነበዋል። ንድፉ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ሲያጥር ሬጄክስ ይባላል። ከአንጎል ነርቭ ጥናት ተነሥቶ የምሳና የቤት ኪራይ እስከ መደመር የደረሰ ነገር ነው። እኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ደግሞ ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ይሆናል።

እስቲ በምሳሌ እንጀምር። መዝገቡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንድ ግብይት እንዲህ ይጻፋል፦

2024/09/14 ምሳ
    ወጪ:ምግብ ቤት      450 ብር
    ሀብት:ጥሬ ገንዘብ

450 ብር ከጥሬ ገንዘብ ወጥቶ ወደ ምግብ ቤት ሄደ ማለት ነው። የሁለተኛው መስመር ቁጥር ያልተጻፈው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚያሟላው ነው፤ ወጪና ገቢው ዜሮ ካልመጣ ፋይሉን አልቀበልም ይላል። ይህ ድርብ አመዘጋገብ የሚባለው ዘዴ ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አብራርቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ፓቾሊ የዘዴው ፈጣሪ አይደለም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የቆዩትን ነው በመጽሐፍ ያሰፈረው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስከ ዛሬ የተሻለው የለም።

አሁን ፕሮግራሙን «ቤት» ብላችሁ ጠይቁት። ለቤት ኪራይ ስንት እንዳወጣችሁ ማወቅ ፈልጋችሁ ነው እንበል። የሚመጣላችሁ ቤት ኪራይ፣ ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተደምሮ ነው። ምክንያቱም ሬጄክስ «ይህ ቃል ነው ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ «እነዚህ ፊደላት በዚህ ቅደም ተከተል በስሙ ውስጥ የትም ቦታ አሉ ወይ» ነው የሚለው። ስለዚህ «ቤት» ያለበትን ሁሉ ያመጣል። የሚገርመው «ቤተሰብ»ን አያመጣም፤ «ት» እና «ተ» ለእሱ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ፊደላት ናቸውና። ኪራዩን ብቻ የፈለገ ሰው «^ወጪ:ቤት» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ያቺ የባርኔጣ ምልክት «ስሙ ከዚህ ይጀምር» ማለት ናት። የዶላር ምልክት ደግሞ «እዚህ ላይ ያብቃ» ማለት ነው። ስለዚህ «ቤት$» ብትሉት ምግብ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና መድኃኒት ቤቱ ይመጣሉ፣ ኪራዩ ይቀራል።

ይህ ቋንቋ ከየት መጣ?

በ1943 ዋረን ማኩሎክ የሚባል የነርቭ ሐኪምና ዋልተር ፒትስ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ፒትስ ከዲትሮይት ከወላጆቹ ቤት ጠፍቶ ቺካጎ የገባ፣ መደበኛ ተማሪ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚዞር ልጅ ነበር፤ ማኩሎክ ቤቱ አስጠግቶት አብረው ሠሩ። ጽሑፋቸው የአንጎልን ነርቮች እንደ አመክንዮ መሣሪያ የሚያይ ነው፤ አንድ ነርቭ ወይ ይተኩሳል ወይ አይተኩስም፣ እውነት ወይም ሐሰት። በ1951 ክረምት ስቲቨን ክሌኒ የሚባል የዊስኮንሲን የሒሳብ ሊቅ ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው ራንድ የጥናት ተቋም ተቀምጦ በዚሁ ላይ ሲሠራ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ እንዲህ ያለ የነርቭ መረብ ምን ምን ዓይነት የክስተት ቅደም ተከተል ለይቶ ማወቅ ይችላል? መልሱን የጻፈው በሦስት ሥራዎች ነው። አንዱን ከሌላው ማስከተል፣ «ይህ ወይም ያ» ማለት፣ እና መደጋገም። የመደጋገሚያዋ ኮከብ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። እንዲህ ያሉትን ክስተቶች «ሬጉላር» አላቸው። ስያሜው ለራሱም ብዙ አላረካውም፣ የተሻለ ስም ያለው ሰው ቢጠቁመው ደስ እንደሚለው እዚያው ጽፏል። ጽሑፉ በ1956 በመጽሐፍ ወጣ፤ የተሻለ ስም ያመጣለት ግን የለም።

ከነርቭ ወደ ጽሑፍ ያሻገረው ኬን ቶምሰን ነው፣ ኋላ ከዴኒስ ሪቺ ጋር ዩኒክስን የሠራው። በ1968 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የክሌኒን ንድፍ ወደ ኮምፒውተር መመሪያ የሚተረጉም ፕሮግራም አሳየ፤ በጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ቃል ለመፈለግ እንዲያገለግል። ንድፉ በአይቢኤም 7094 ማሽን ላይ ወደ ማሽኑ የራሱ ቋንቋ ተቀይሮ ይሮጥ ነበር።

ግሬፕ የመጣው በ1973 ነው። ብራያን ከርኒሃን እንደሚተርከው ሊ ማክማሆን የሚባል የቤል ላብስ ባልደረባቸው ፌዴራሊስት የተባሉትን ጽሑፎች መመርመር ፈለገ። እነዚህ በ1787 እና 1788 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማስጸደቅ በብዕር ስም የወጡ 85 መጣጥፎች ናቸው፤ ከእነሱ 12ቱን ሃሚልተን ይጻፋቸው ማዲሰን ብዙ አከራክሯል። ማክማሆን ቃላትን እየፈለገ ማወዳደር ፈልጎ ነበር፤ ሆኖም ጽሑፉ ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ ማሽን ማረሚያ በዛባት። ቶምሰን በአንድ ሌሊት ፍለጋውን ከማረሚያው ነጥሎ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አደረገው። ስሙ ማረሚያው ላይ ይጻፍ ከነበረው ትእዛዝ ተወሰደ፤ «በመላው ፋይል ንድፉን ፈልግና አትም» የሚለው በእንግሊዝኛ ምህጻር ሲነበብ «ግሬፕ» ይሆናል። ልብ በሉልኝ፣ ይህ መሣሪያ ከመጀመሪያው «ይህን ማን ጻፈው» ከሚል ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ገንዘብ ማንም አላሰበም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ኦክ በ1977፣ የሄንሪ ስፔንሰር ነፃ ላይብረሪ በ1980ዎቹ፣ ፐርል በ1987። ፐርል ንድፉን አበልጽጎ ክሌኒ ያላሰባቸውን ነገሮች ጨመረበት፤ ዋጋውም ነበረው። የቶምሰን ዘዴ ጽሑፉን አንዴ ብቻ እያነበበ ያልፋል። የፐርል ዓይነቱ ግን አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ይሞክራል፣ መጥፎ ንድፍ ከገጠመው ሙከራው ማለቂያ ያጣል። ሐምሌ 2019 ላይ ክላውድፍሌር የሚባለው ኩባንያ በአንዲት እንዲህ ባለች ንድፍ ምክንያት ማሽኖቹ ተጨናንቀው ለ27 ደቂቃ በዓለም ዙሪያ ብዙ ድረ ገጾች ጠፍተዋል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ጆን ዊግሊ ሌጀርን ያወጣው በ2003 ነው። ፋይሉን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ፕሮግራሙ ያነባል እንጂ አንዲት ፊደል አይነካም። ይህ የዩኒክስ ሰዎች አስተሳሰብ ነው፤ መረጃው ጽሑፍ ከሆነ፣ ጽሑፍ ደግሞ የሚጠየቀው በሬጄክስ ከሆነ፣ የሒሳብ መዝገብም በሬጄክስ ይጠየቅ። ከእሱ በኋላ ሳይመን ማይክል በ2007 ኤችሌጀርን ጀመረ፣ ማርቲን ብሌ ደግሞ ቢንካውንትን ሠራ፤ ሦስቱም ይህን ጠባይ ወርሰዋል። ኤችሌጀር የተጠቀመበት የሬጄክስ ላይብረሪ ወደ ኋላ እየተመለሰ የማይሞክረው ዓይነት ነው፣ በዚህ ረገድ ለቶምሰን ይቀርባል።

ለእኔ የታሪኩ ማር ግን የሌጀር መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት ምሳሌ ናት። ዊግሊ የባሃኢ እምነት ተከታይ ነው። በእምነቱ ሁቁቁላህ የሚባል ግዴታ አለ፤ ሰው አስፈላጊ ወጪውን ከሸፈነ በኋላ ከተረፈው ሀብት 19 በመቶ ይሰጣል። መመሪያው ራሱ ከአይሁድና ከክርስቲያኖች አስራት፣ ከሙስሊሞች ዘካ ጋር ያመሳስለዋል። ዊግሊ ይህን ግዴታ በአንድ የሬጄክስ መስመር ጻፈው። የአካውንቱ ስም ገቢ ከሚል ከጀመረ፣ ወይም ወጪ ሆኖ ኪራይ፣ ግብር፣ መድንና የመሳሰለው ከሆነ፣ የገንዘቡን 0.19 እጥፍ በዕዳ መዝገብ ላይ አስገባ የሚል። በሌጀር ገቢ በነጌቲቭ፣ ወጪ በፖዘቲቭ ስለሚጻፍ አስፈላጊው ወጪ ራሱ እየተቀነሰ ይሄዳል። ግሩም ነው። ግን አስቡት፤ «አስፈላጊ ወጪ የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ፣ አንድ አማኝ ከኅሊናው ጋር የሚሟገትበት ነገር፣ እዚህ የፊደላት መመሳሰል ጥያቄ ሆኗል። ኪራይን የጻፈበት ፊደል ከንድፉ ጋር ከተመሳሰለ ይቀነሳል። ካልተመሳሰለ ለፈጣሪ ያለበት ዕዳ ይለወጣል፣ ፕሮግራሙም ምንም አይልም።

ነገሩ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ድርብ አመዘጋገብ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ የተመካበት ነገር ቢኖር ስሕተት ራሱን እንዲያጋልጥ ማድረጉ ነው፤ ሁለቱ ወገን አይመጣጠንም፣ ጸሐፊው ይደነግጣል። ሬጄክስ ግን የሚጠይቀው ከመዝገቡ ውጭ ሆኖ ነው። ሦስት መስመር የዘለለ ሪፖርትና ምንም ያልዘለለ ሪፖርት ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቆንጆ ድምር ከታች አላቸው።

እንግሊዝኛ ጸሐፊ ለዚህ በከፊል ተከልሎለታል። ሌጀርም ኤችሌጀርም ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለዩ ነው የሚፈልጉት፤ በእንግሊዝኛ ምግብን በትልቅ ፊደል ጀመርኩት በትንሽ ብሎ የሚጨነቅ የለም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ይህ ይቅርታ ለእኛ ምንም አይሠራም። የእኛ ችግር ሞክሼዎቹ ናቸው። መድኃኒት፣ መድሃኒት፣ መድሐኒት። ዕድር፣ እድር፣ ኢድር። ደመወዝና ደሞዝ። አስራት፣ አሥራት፣ ዓሥራት። አንድ የዕድር ገንዘብ ያዥ መዝገቡን በዚህ ፕሮግራም ያዘ እንበል፤ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሰው እየተቀያየረ ጽፏል። ጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ለመድኃኒት ስንት ወጣ» ሲባል «መድኃኒት» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው በ«ኃ» የጻፈውን ሰው ወጪ ብቻ ነው። የሁለቱ ሰዎች ወጪ አልተሰረቀም፣ አልጠፋም፣ መዝገቡም ሚዛኑን ጠብቋል። ስብሰባው ላይ ግን የለም። በእንዲህ ያለ ነገር ስንት ሰው ስሙ እንደሚነሣ የምታውቁት ነው።

«ታዲያ ለምን ኮምፒውተሩ ሀ እና ሐን አንድ አያደርጋቸውም?» የሚል አይጠፋም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ ሌጀር ከመውጣቱ አራት ዓመት በፊት ነው። ሞክሼዎቹ እዚያ ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ትክክልም ነው። ግዕዝ ላይ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላታቸውን በ1962 ዓ.ም. (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) ሲያሳትሙ ርዕሱን «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ነው የጻፉት፤ ጋዜጣው ግን «አዲስ ዘመን» ነው፣ በአልፋው። ማን ልክ ነው የሚለው ክርክር ከእኛ ጋር ይኖራል። እኔ ክርክሩን ፊደል በመቀነስ እንፍታው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሒሳብ ፕሮግራም ስለቸገረው ፊደል የሚቀንስ ሕዝብ አላውቅም፤ ፕሮግራሙ ነው ጥያቄውን ማስፋት ያለበት።

ማስፋት ደግሞ ይቻላል፣ ሬጄክስ ለዚህ ነው የተሠራው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ቅንፉን ነው፦ መድ[ሃሐኃ]ኒት። ማዕዘን ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ኤችሌጀርና ቢንካውንት ላይ ይሠራል። ሌጀር ላይ ግን ፕሮግራሙ እንዴት እንደተገነባ ይወስነዋል። የዩኒኮድ ላይብረሪ ተጨምሮበት ካልተገነባ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ነው የሚያውቀው። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ ማዕዘን ቅንፉ ደግሞ የሚወክለው አንድ ባይት ብቻ ይሆናል። አንዱ ባይት የሦስቱን ቦታ መሙላት አይችልም፣ ስለዚህ መልሱ ባዶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «መድኃኒት ላይ ምንም አላወጣሁም» ብሎ ይደመድማል።

በዚህ ፋንታ እንዲህ ጻፉት፦ መድ(ሃ|ሐ|ኃ)ኒት። ቋሚዋ መስመር «ወይም» ናት። ይቺ በባይትም በፊደልም ትሠራለች፤ ሦስቱን ባይት እንደ አንድ ተከታታይ ነገር ይዛ ነው የምታወዳድረው። ማዕዘን ቅንፍ ኋላ ለጽሑፍ ማረሚያ ተብሎ የመጣ አቋራጭ ነው። «ወይም» ግን ከክሌኒ ሦስት ሥራዎች አንዱ ነው፣ የ1951ቱ። አቋራጩ ፊደላችን ላይ ሲሰበር የጥንቱ አልተሰበረም። በዚሁ ዘዴ ደ(መወ|ሞ)ዝ ሁለቱንም ደመወዝ ያመጣል። ተርሚናሉ ራሱ ቅንፍንና ቋሚ መስመርን ለሌላ ነገር ስለሚጠቀምባቸው ጥያቄውን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉት።

ሌላ ወጥመድ ሁለት ነጥብ ነው። ሌጀር ዋናና ንዑስ አካውንት የሚለየው በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ደግሞ የቃል መለያችንን ሁለት ነጥብ ይሰጣችኋል፤ ለዓይን ያው ነው፣ ለማሽኑ ሌላ ፍጡር። «ወጪ፡ምግብ» ብሎ የጻፈ ሰው በወጪ ሥር ምግብን አልከፈተም፤ «ወጪ፡ምግብ» የሚባል፣ ወላጅ የሌለው አዲስ አካውንት ነው የከፈተው። «^ወጪ:» ብሎ ሲጠይቅ አያገኘውም። (ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ መጻፍ የሚፈልግም ካለ ፕሮግራሙ ቀኑን አይቀበለውም። ግን ቢያንስ እዚህ ላይ ጮኾ ይናገራል፤ የቀን መቁጠሪያውን ነገር ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ለማረጋገጥ ያገኘሁት ቀላል መንገድ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ሌጀር ላይ «አይደለም» የሚል ቃል አለ፤ በንድፉ ያልተያዘውን ወጪ ሁሉ ያሳያችኋል። ድምሩን አትዩት፣ ስሞቹን አንብቡ። ሰው ዓይን ላይ መድሐኒትና መድኃኒት አንድ ናቸው፤ የተረሳ ካለ እዚያ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

በኤችሌጀር ለሚሠሩ ደግሞ አልያስ የሚባል መመሪያ አለ። በመዝገቡ አናት ላይ አልያስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ /መድ(ሃ|ሐ)ኒት/ = መድኃኒት ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ አጻጻፎች ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ሆነው ይወጣሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሰው እንደጻፈው ይቀራል። አንድ ነገር አትርሱ፤ አልያሱ የሚሠራው በአካውንት ስም ላይ ብቻ ነው፣ የግብይቱ መግለጫ ላይ የተጻፈውን አይነካም፤ እሱን አሁንም በቅንፍና በቋሚ መስመር መጠየቅ አለባችሁ።